ጭቃ መስጊድ ስንት ዘመን ይቆማል? ከቃሉ ወረዳ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የደረሰኝ ከወሎ፣ ከቃሉ ወረዳ ገጠር፣ ከአንድ የመስጊድ ኮሚቴ ጸሐፊ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«አያቶቻችን የሠሩት የጭቃ መስጊድ አለን። ክብ ነው። ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ከለበሰ ቆይቷል። ግድግዳው ግን ከታች እየተበላ፣ ከላይ እየተሰነጠቀ ነው። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራ፣ ጉልላትና ሚናራ ይኑረው ይላል። ግማሹ በሲሚንቶ ለስነነው ይቆይ ይላል። ባለፈው አንድ ልጅ ማሊ አገር ያለ ትልቅ የከተማ መስጊድ ፎቶ በስልኩ አሳየን። ጭቃ ነው አለን። ሽማግሌዎቹ አላመኑም። እውነት ጭቃ ነው? ከሆነስ እንዴት ቆመ? የእኛስ እንደሱ መቆየት ይችላል?»

ወዓለይኩሙ ሰላም ወንድሜ። ለሽማግሌዎቹ ንገርልኝ፤ ልጁ አልዋሸም። ፎቶው የጄኔ ታላቁ መስጊድ ነው። ከመሠረቱ በላይ ያለው ግድግዳ፣ ምሰሶው፣ ሚናራው ሁሉ ጭቃ ነው። በዓለም ላይ በጭቃ ከተሠሩ ሕንፃዎች ትልቁ እሱ ነው ይባላል። እኔ ደሴ ተቀምጬ የቆዩ የጭቃና የድንጋይ ቤቶችን በማደስ ነው የምኖረው። ስለዚህ ጥያቄህ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ። ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ለኮሚቴው ቡና ላይ አንብብላቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ከጥያቄህ ጀርባ ያለውን ነገር ላንሳ። በግልጽ አልጻፍከውም፣ ግን ይሰማኛል። ጭቃ መስጊድ ማሳፈር ጀምሯል። ከኮምቦልቻ ወይም ከደሴ እንግዳ ሲመጣ ሰዉ ግድግዳውን እያየ ይሽቆጠቆጣል። ይህ ስሜት በየሄድኩበት የገጠር መስጊድ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ፣ በ622፣ የሠሩት መስጊድ ግን ከምን ነበር? ግድግዳው በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ። ዝናብ ሲዘንብ ያፈስ ነበር። አንድ የረመዳን ሌሊት ዘንቦ፣ ነቢዩ ሱጁድ ካደረጉ በኋላ ግንባራቸው ላይ ጭቃ እንደታየ በሐዲስ ተዘግቧል። ኸሊፋው ዑመር ሲያሰፉትም በዚያው በጭቃ ጡብና በተምር ነበር። በተጠረበ ድንጋይ የሠሩት ከሳቸው በኋላ የመጡት ኸሊፋ ዑስማን ናቸው። ስለዚህ ድንጋይም ሲሚንቶም ክልክል አይደለም፣ ጭቃም ውርደት አይደለም። ይህን ከያዝን ወደ ጄኔ እንሂድ።

ጄኔ ማሊ መሃል ያለች የቆየች ከተማ ናት። የቆመችው ባኒ የሚባል ወንዝ ዳር ነው። ባኒ የኒጀር ገባር ነው። ውሃው በሞላ ጊዜ ሜዳው ሁሉ ይጥለቀለቅና ከተማዋ ደሴት ትሆናለች። በዚያ አካባቢ ለግንብ የሚሆን ድንጋይ የለም። ያለው የወንዝ ደለል ነው። እኛ ጋ ሾንኬን ብትወስድ፣ ተራራው ላይ ድንጋይ ስላለ መንደሩ በድንጋይ ተሠራ። ላስታ ብትሄድ አለት ስለነበረ ቤተ ክርስቲያን ከአለት ተፈለፈለ። ጄኔዎች ጭቃ ነበራቸው፤ ከተማቸውን በሙሉ፣ የነጋዴውን ፎቅ ቤት ጭምር፣ በጭቃ ሠሩት። ከተማዋ ከቲምቡክቱ ጋር በጨውና በወርቅ ንግድ የከበረች ነበረች። ስለዚህ ድህነት አይደለም በጭቃ ያሠራቸው።

የመጀመሪያው መስጊድ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ተሠራ ይባላል። ኮይ ኮንቦሮ የሚባል የጄኔ ንጉሥ ሰለመና ቤተ መንግሥቱን ወደ መስጊድ ለወጠው፤ የድሮ ጸሐፊዎች የተዉት ታሪክ ይህ ነው። ያ መስጊድ በየዘመኑ እየተመረገ እስከ 19ኛው መቶ ደረሰ። ልብ በል፣ ይህ ማለት ለስድስት መቶ ዓመት ገደማ ጭቃው በሰው እጅ እየታደሰ ቆየ ማለት ነው።

ከዚያ ሴኩ አማዱ መጣ። ሴኩ አማዱ ከፉላኒ ሕዝብ የወጣ ዓሊም ነው። በ19ኛው መቶ መጀመሪያ አካባቢውን በጂሃድ ያዘ። አሮጌው መስጊድ ለዓይኑ ብዙ ያጌጠ መሰለው። በራሱ እጅ ማፍረስ ግን አልፈለገም። ታዲያ ምን አደረገ? እንደሚተረከው የጣሪያውን አሸንዳዎች አስደፈነ። በቃ። ሌላ ምንም አላደረገም። ዝናቡ የቀረውን ሠራ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ጣሪያው ላይ ተኛ፣ ከጣሪያው ወደ ግድግዳው ሰረገ፣ ግድግዳው ሟሟ። በ1828 ሬኔ ካዬ የሚባል ፈረንሳዊ መንገደኛ እስላም መስሎ ጄኔ ሲገባ መስጊዱን ያገኘው ሰው ጥሎት፣ ወፎች ጎጆ ሠርተውበት ነው።

ይህን ታሪክ ለኮሚቴህ ሁለቴ አንብብላቸው። ለስድስት መቶ ዓመት የቆመ ሕንፃ አሸንዳው በመደፈኑ ጠፋ። እኔ አንድ ሰው «የጭቃ ግድግዳችን ፈረሰ» ብሎ ሲጠራኝ መጀመሪያ ግድግዳውን አላይም። ቀና ብዬ ጣሪያውን አያለሁ፣ ከዚያ ጎንበስ ብዬ የግድግዳውን እግር አያለሁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ ከሁለቱ ባንዱ ነው።

ሴኩ አማዱ በ1834 እና በ1836 መካከል ከአሮጌው በስተምሥራቅ ሌላ መስጊድ አሠራ። ዝቅ ያለ፣ ማማ የሌለው፣ ጌጥ ያልበዛበት ነበር። ፈረንሳዮች ከተማዋን በ1893 ያዙ። በ1906 የሴኩ አማዱ መስጊድ ተነሥቶ ቦታው ለትምህርት ቤት ተሰጠ፣ በጥንቱ መስጊድ ፍርስራሽ ላይ ደግሞ አዲስ ግንባታ ተጀመረ። በ1907 አለቀ። ዛሬ ፎቶው ላይ ያያችሁት እሱ ነው። ሥራውን የመራው ኢስማኢላ ትራኦሬ የሚባል የጄኔ ግንበኞች አለቃ ነው። ቅርጹ ላይ የፈረንሳዮች እጅ ምን ያህል ነበረበት የሚለው ዛሬም ያከራክራል። እኔ በግሌ ግድግዳው ለራሱ ይናገራል እላለሁ። እንዲህ ያለ ጭቃ የሚያቆም እጅ ከወረቀት ላይ ንድፍ አይማርም፤ ከአባቱ ነው የሚማር።

አሁን ወደ ሕንፃው እንግባ። እኔን ደስ የሚለኝ ይሄ ነው።

መስጊዱ መሬት ላይ አልተቀመጠም። በየጎኑ 75 ሜትር ገደማ የሆነ፣ 3 ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ላይ ነው የቆመው። በስድስት ቦታ መውጫ ደረጃ አለው። መደቡ ለክብር ብቻ አልተሠራም። ወንዙ ሲሞላ ውሃው የግድግዳውን እግር እንዳይነካ ነው። የሰጋጆቹ አዳራሽ 50 በ26 ሜትር አካባቢ ነው። ውስጡ ስትገባ ሜዳ አይምሰልህ። 90 ወፋፍራም የጭቃ ምሰሶዎች በረድፍ ቆመው፣ በመካከላቸው ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ ቅስት እየሠሩ ጣሪያውን ይሸከማሉ። ጭቃ ክብደትን ወደ ታች ይችላል፣ መዘርጋትን አይችልም። ረጅም ጣሪያ በጥቂት ምሰሶ መሸፈን ስለማይቻል ምሰሶው በዛ። ስለዚህ ሰጋጅ ምሰሶ መካከል ነው የሚቆመው፣ ጫካ ውስጥ እንደመስገድ ነው። ወለሉ አሸዋማ አፈር ነው። ጣሪያው ላይ የሸክላ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ክዳኑ ሲነሣ የታፈነው ሙቅ አየር ይወጣል። ከአዳራሹ ሌላ በግድግዳ የታጠረ ግቢ አለው።

የቂብላው ግድግዳ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው፣ መካ ለነሱ በዚያ ነች። እኛ ጋ ቂብላው ወደ ሰሜን ስለሆነ፣ ፎቶውን ስታዩ እንዳያደናግራችሁ። ይህ ግድግዳ ገበያው ፊት ለፊት ነው። ሦስት፣ ባለ አራት ማዕዘን ማማዎች ወጥተውበታል። የመሃሉ 16 ሜትር ገደማ ይሆናል። በየማማው ጫፍ ላይ ሾጣጣ ቁንጮ አለ፣ ቁንጮው ላይ ደግሞ የሰጎን እንቁላል። አዎ፣ የሰጎን እንቁላል። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስታውስ አውቃለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ፣ መስቀሉ ዙሪያ የሚሰካው የሰጎን እንቁላል። ጄኔዎች እንቁላሉ የንጽሕናና የመራባት ምልክት ነው ይላሉ። እዚህና እዚያ እንዴት አንድ ነገር እንደታሰበ ሁሌ ይገርመኛል።

ፎቶው ላይ ግድግዳው ላይ የተሰካኩ እንጨቶች አያችሁ አይደል? እንደ ጃርት እሾህ የቆሙት። ስማቸው ቶሮን ነው። የዘንባባ ግንድ ነው፣ በጥቅል በጥቅል እየሆነ ግድግዳው ውስጥ ይቀበርና ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። ለዓይን ጌጥ ነው። ዋናው ሥራው ግን መሰላል መሆን ነው። በየዓመቱ ለምርጊት መወጣጫ ማቆም አያስፈልጋቸውም፤ ግንበኛው ቶሮኑን እየረገጠ ይወጣል። የገነቡት ሰዎች ገና ከመጀመሪያው «ይህን ግድግዳ በየዓመቱ እንመርገዋለን» ብለው አስበው ነው የሠሩት። ሕንፃው ሲወለድ ከነመወጣጫው ነው የተወለደው። ከጣሪያው ጠርዝ ደግሞ የሸክላ አሸንዳዎች ወደ ውጭ ዘልቀው ይወጣሉ፤ ውሃውን ከግድግዳው አርቀው ይተፉታል። ያ ሴኩ አማዱ የደፈነው ነገር ማለት ነው።

አሁን «እንዴት ቆመ» ለሚለው ጥያቄህ መልሱ ምርጊቱ ጋ ነው። በየዓመቱ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ከተማው በሙሉ ወጥቶ መስጊዱን ይመርጋል። ጭቃው ከወንዙ ይወጣል፣ ከሩዝ ገለባ ጋር ይደባለቃል፣ ውሃ እየተጨመረ ለቀናት ይቦካል። ልጆች ገብተው እየዘለሉ ይረግጡታል፣ ለእነሱ ጨዋታ ነው። የምርጊቱ ቀን ሲደርስ ወጣቶች በሰፈር ተከፋፍለው ጭቃውን በቅርጫት ተሸክመው ይሮጣሉ፣ ማን ቀድሞ መስጊዱ ደረሰ ይባላል። ሴቶች ውሃ ያመላልሳሉ። ግንበኞቹ ቶሮኑ ላይ ወጥተው በባዶ እጃቸው ይመርጋሉ። ያረጁት ግንበኞች ገበያው ላይ በክብር ተቀምጠው ያያሉ። ግንበኞቹ ባሬይ ይባላሉ፤ የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚሄደው።

ይህ እኛ የማናውቀው ነገር ነው እንዴ? ጅጌ፣ ደቦው፣ አይደል? እናቶቻችን ሲመርጉ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቀዩ አፈር ተቆፍሮ ድንጋዩ ይለቀማል። የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል። ውሃ ይደረግና ይረገጣል፣ ይሸፈናል፣ ይተዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ስትከፍተው ሽታው ይመጣል፣ ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ በእጅህ ስትይዘው እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ያ ነው የቦካ ጭቃ። ጭዱ ሲበሰብስ የሚወጣው ነገር አፈሩን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፣ የቀረው ጭድ ደግሞ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ያልቦካ ጭቃ የመረገ ሰው ግን በሳምንቱ ስንጥቅጥቁን ያየዋል። አሁን አሁን ለቀን ሠራተኛ ሲሰጥ ጠዋት ተቦክቶ ከሰዓት ይመረጋል። ከዚያ «ጭቃ አይረባም» ይባላል።

እዚህ ላይ ሐቁን ልንገርህ፣ ጄኔም አደጋ አጥቶ አያውቅም። ኖቬምበር 5 ቀን 2009 በአንድ ቀን 75 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዶ የደቡቡ ማማ የላይኛው ክፍል ተናደ። በኋላ እንደገና ተሠራ። በዚያ ዘመን በአጋ ኻን ድርጅት ድጋፍ ጥገና እየተደረገ ነበር። ባለሙያዎቹ ያገኙት አንዱ ችግር በየዓመቱ የሚመረገው ጭቃ እየተደራረበ ግድግዳውን አወፍሮ ክብደት ጨምሮበት መሆኑ ነው። አሮጌውን ሽፋን መላጥ ነበረባቸው። ስለዚህ ምርጊትም ልክ አለው፤ አዲሱን ከመለጠፍ በፊት የላላው አሮጌ ይነሣል። ሌላም ነገር አለ። በ2006 የጥገናው ቡድን ጣሪያውን ለመመርመር ሲቆፍር ከተማው ላይ ረብሻ ተነሥቷል። ሰዉ «ሳትነግሩን መስጊዳችንን ነካችሁ» ነው ያለው። ኮሚቴህ ይህንንም ያስብበት። ማፍረስም ሆነ ማደስ፣ ጀማዓው በጁምዓ ቀን ሰምቶ፣ ተነጋግሮበት ይሁን።

እንግዲህ ወደ እናንተ መስጊድ ልምጣ። ያንተ ጥያቄ «የእኛስ እንደሱ መቆየት ይችላል?» ነው። ይችላል እላለሁ። ግን እንደ ጄኔ አድርጋችሁ እንድትሠሩት አልመክርም።

የጄኔ ግድግዳ ሁሉ ነገሩ ጡብ ነው፣ እንጨት አጥንት የለውም። የእናንተ ደግሞ ወጋግራ ቆሞ፣ ማገር ታስሮ፣ ጭቃው በላዩ የተመረገ ነው። ሁለቱ የተለያየ ፍጥረት ናቸው። ጄኔ ዝናቡ ከእኛ በጣም ያነሰ ነው፣ በልግ የሚባል ነገርም አያውቁም። እኛ ግን በልግም ክረምትም አለብን፣ ጭቃው በዓመት ሁለቴ ነው የሚፈተነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን መሬቱ ነው። እኛ ያለነው የአፋር ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። በ1961፣ በእኛ በ1953 ግንቦት፣ ካራቆሬ ላይ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዴት እንዳፈረሳት ትልልቆቹ ያስታውሳሉ። ከባድ የጡብ ግድግዳ መሬት ሲናወጥ ይናዳል። በማገር የታሰረ ግድግዳ ግን ይወዛወዛል፣ ምርጊቱ ይረግፋል፣ አጥንቱ ይተርፋል። አያቶቻችሁ ይህን ቤት ሲመርጡ አላዋቂ አልነበሩም። ብሎኬት ለመሥራት ከወሰናችሁም ይህንኑ አስቡ፤ ብረትና ቢም የሌለው ብሎኬት፣ በላዩ ረጅም ሚናራ ተጭኖበት፣ ከጭቃው የባሰ አደገኛ ነው።

ታዲያ ግድግዳችሁ ለምን ተበላ? ሳላየው ሙሉ በሙሉ አልፈርድም። ግን ጥያቄህ ውስጥ አንድ ቃል አየሁ፤ «ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ከለበሰ ቆይቷል»። ሣር ክዳን ረጅም ነው። ከግድግዳው አልፎ፣ ዝቅ ብሎ ይወርዳል፣ ጠፈጠፉ ሩቅ ነው የሚያርፈው። ቆርቆሮ ሲመጣ ግን ውድ ስለሆነ ጠርዙ አጥሮ ይቀራል። ግድግዳው ተራቆተ ማለት ነው። ከዚያም ውሃው ከቆርቆሮው ተጠራቅሞ በኃይል ግድግዳው እግር ላይ ይወርዳል፣ መሬቱን ሲመታ ጭቃ ይረጫል። ዝናብ እንዳባራ ሄደህ የግድግዳውን ታች ተመልከት። እስከ ጉልበትህ ድረስ ጥቃቅን የጭቃ ነጠብጣብ ካየህ፣ ግድግዳውን እየበላው ያለው ያ ነው።

ሲሚንቶ ልስኑን ግን እባካችሁ ተዉት። ይህን ስል ከልቤ ነው። ሥራ በጀመርኩ ጊዜ የአባቴን ቤት በሲሚንቶ እንዲያስለስኑ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። ሽቦ አስወጠርኩ፣ በሲሚንቶ አስለሰንኩ፣ ቀለም አስቀባሁ። ቤቱ አማረ፣ ጎረቤት መጥቶ መረቀን። በሁለተኛው ዓመት ግድግዳው ሆዱን መንፋት ጀመረ። በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ባዶ ጋን ጮኸ። በታኅሣሥ፣ ዝናብ ካየን ወራት ካለፈ በኋላ፣ ልስኑን ላጥኩት። ከጀርባው ያለው ጭቃ እርጥብ ነበር፣ እንደ ሊጥ። የወጋግራው እግር በጣቶቼ መካከል ተፈረፈረ። አባቴ አጠገቤ ቆመው ምንም አልተናገሩኝም። ያ ዝምታቸው እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭቃ ግድግዳ ከመሬትም ከዝናብም ጥቂት እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ሲወጣ በፊቱ ተንፍሶ ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ይህን መተንፈሻ ይዘጋበታል። በስንጥቅ የገባው ውሃም መውጫ የለውም። ሴኩ አማዱ አሸንዳ ደፈነ፤ እኔ ደግሞ የአባቴን ግድግዳ ደፈንኩት። ምርጊቱ ሳይታጠብ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ኖራ አለ። የጎንደር ግንቦች የተገነቡት በኖራ ነው። ኖራ ውሃን ይከላከላል፣ ግን ጭቃው እንዲተነፍስ ይተወዋል። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩት፣ አንድ ክረምት ይለፍበት፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ።

እኔ ብሆን በዚህ ተራ ነበር የምሠራው። ጣሪያው ይቀድማል። ጠርዙ በቆርቆሮ ይረዝማል፣ አሸንዳ ይገጠማል፣ ውሃው በቧንቧ ወርዶ ወደ ሮቶ ይገባል፤ ለውዱእም ይሆናችኋል። ቀጥሎ የግድግዳው ዙሪያ ይቆፈርና በድንጋይ መደብ ይሠራል፣ ወደ ውጭ ዘንበል ይላል። የበሰበሰው ወጋግራ አንድ በአንድ ይለወጣል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ግን ምስጥ ይወደዋል፤ ጽድ ወይም ወይራ ከተገኘ ለእግሩ እሱን አድርጉ። ምርጊቱ የመጨረሻ ነው። እሱንም ለቀን ሠራተኛ አትስጡት። ጅጌ ጥሩ። አፈሩን በመጋቢት አስቆፍራችሁ አቡኩት፣ በግንቦት ምረጉ። በመንደሩ ያሉ የሚመርጉ እናቶችን ጠይቁ፣ የትኛው አፈር እንደሚይዝና የትኛው እንደሚሰነጠቅ ከኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ዋልካ አፈር ብቻውን እንዳትነኩ፣ ሲደርቅ ይከፈላል።

የሰዉ ቁጥር ጨምሮ ጁምዓ ቦታ ጠቦ ከሆነ፣ ያ እውነተኛ ችግር ነው፤ አዲስ መስጊድ ያስፈልጋችኋል። ይህን የሚሉት ወጣቶች ትክክል ናቸው። ግን አዲሱን ለመሥራት አሮጌው የግድ መፍረስ የለበትም። ግቢው ከበቃ ጎን ለጎን ይቁሙ። አሮጌው ለቁርአን ቂርአት፣ ለወዳጃ (ለጋራ ዱዓው)፣ ለመውሊድ ይሁን። ክብ ቤት ውስጥ መንዙማ ሲባል ድምፁ ዞሮ ተመልሶ አናትህ ላይ ሲያርፍ የሰማ ሰው፣ ብሎኬት አዳራሽ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ያንን አያገኘውም። እዚሁ ወሎ፣ ጀማ ንጉሥ ወደሚባለው ቦታ ለመውሊድ የሚተመው ሕዝብ በየዓመቱ የሚሄደው ግንቡ ስላማረ አይደለም፣ ሼህ ሙሐመድ ሻፊ የተከሉት ነገር እዚያ ስላለ ነው። በእናንተ መስጊድም ምሰሶ ሥር ስንት ሼህ ተቀምጦ እንዳስተማረ ሽማግሌዎቹን ጠይቁና ጻፉት። ዩኔስኮ ጄኔን በ1988 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመስጊዱን ብቻ ሳይሆን የጭቃ ከተማዋን በሙሉ ነው የመዘገበው።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርህ። በሚቀጥለው ዝናብ፣ ገና እየዘነበ ሳለ፣ በቂብላው በኩል ቆመህ ሦስት ፎቶ አንሣልኝ። አንዱ የጣሪያው ጠርዝ፣ አንዱ ውሃው መሬት የሚመታበት ቦታ፣ አንዱ የግድግዳው እግር። ከዚያ ግድግዳውን ዙሪያውን በጣትህ እያንኳኳህ ሂድ፤ ባዶ ድምፅ የሰጠህ ቦታ ላይ በከሰል ምልክት አድርግ። ምልክቱ የት የት እንደበዛ ንገረኝ። ከዚያ ስንት ወጋግራ እንደሚለወጥ አብረን እንቆጥራለን።